ወንዙን በቀኝ ይዛ የዞረችው ቱልሳ

ተረት ተረት ስላችሁ «የእግረኛ ሀብት» በሉኝ። ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡት የማያስቆጭ፣ ስትነሡም አብሯችሁ የሚነሣ ተረት ይዤላችኋለሁ። ጊዜያችሁን አላባክንም። ልጆች ወደፊት ቅረቡ። ትልልቆችም ብትሆኑ ግድ የለም፤ ተረት ዕድሜ አይጠይቅም።

ድሮ ድሮ በህንድ አገር፣ ናርማዳ በሚባል ታላቅ ወንዝ አጠገብ፣ ቱልሳ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ቱልሳ ያላት ሦስት ነገር ነው። አንድ ጎጆ፣ አንድ የሽንኩርት መደብ፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ። ጉድጓዱን የቆፈረው ባሏ ነበር። በዶማ ቆፈረው፣ ዙሪያውን በድንጋይ ገነባው፣ ውኃው የፈለቀ ዕለት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ባሏ ሞተ። ጉድጓዱ ቀረ። ሽንኩርቱ በጉድጓዱ ይኖራል፣ ቱልሳ በሽንኩርቱ ትኖራለች።

ከአጥሯ ማዶ ዳንራጅ የሚባል ጎረቤት ነበራት። ዳንራጅ ሀብታም ነው። ጉልበተኛም ነው። የወደቀ በሬ ብቻውን ያነሣል ይባልለታል። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ የሰው ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም።

አንድ ቀን አጥሩን ነቀለና ወደ ቱልሳ በኩል አስጠግቶ ተከለው። ጉድጓዱ በእሱ ግቢ ውስጥ ቀረ።

«ዳንራጅ ልጄ፣ አጥርህ ተራመደብኝ እኮ» አለችው።

«አጥር እግር የለውም እማማ። ጉድጓዱን የቆፈረው አባቴ ነው።»

«አባትህ? የአባትህ እጅ ዶማ ነክቶ ያውቃል?»

«ምስክር አምጪ» አላት።

ምስክር ከየት ይምጣ? ያዩት ሰዎች ሞተዋል። ያልሞቱት ዳንራጅን ይፈራሉ። ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀመረ። ጉድጓዱ ካልተመለሰላት ጎጆዋን ትታ መሰደዷ ነው። ስለዚህ ቱልሳ ምርኩዟን ይዛ ወደ ራጃው ሄደች። ራጃ ማለት በእነሱ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ያ ራጃ አገሩ ትንሽ፣ ትዕግሥቱ ግን ብዙ ነበር።

«ባሌ ቆፈረው» አለች ቱልሳ።

«አባቴ ቆፈረው» አለ ዳንራጅ።

ራጃው አንዴ እሷን አየ። አንዴ እሱን አየ። ቆየና እንዲህ አለ፦

«እኔ አላየሁም። ምስክርም የለም። ናርማዳ ግን ከሁላችንም በፊት እዚህ ነበረች። ሂዱና በእግራችሁ ዙሯት። ዙሪያው ሳይፈርስበት የተመለሰ ሰው ቃሉ ይታመናል። ለሁለታችሁም ካልፈረሰ ጉድጓዱን እኩል ትካፈላላችሁ።»

እዚህ ጋ ቆም ልበልና ላስረዳችሁ፤ ይህን ያላወቀ ተረቱ አይገባውም።

እኛ ዘንድ ስለት ያለበት ሰው ግሸን ድረስ፣ ቁልቢ ድረስ በእግሩ ይጓዝ የለ? እነሱም ዘንድ የእግር ጉዞ አለ። ለህንዶቹ ናርማዳ እናት ናት። የምትሰማ፣ የምታይ፣ የምትባርክ አምላክ ናት። ከሆዷ የሚወጣው ጠጠር እንኳ ሳይቀር ቅዱስ ነው ይላሉ። ስለዚህ ይዞሯታል። ከአንዱ ዳርቻ ተነሥተው ቁልቁል እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ። እዚያ በጀልባ ባሕሩን ይዞራሉ። ከዚያ በማዶኛው ዳርቻ ሽቅብ እስከ ምንጩ ይወጣሉ፤ ምንጩን ዞረው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ብዙ ወራት ይፈጃል።

ሕግም አለው። ወንዟን ሁልጊዜ በቀኝ መያዝ ነው፤ ቀኝ የክብር ጎን ነዋ። ወደ እሷ የሚገቡ ትንንሽ ገባሮችን መሻገር ይቻላል፣ እሷን ራሷን መሻገር ግን አይቻልም። በመሃሏ ያለ ደሴት መርገጥ እንኳ ክልክል ነው። በቀኝም ውኃ፣ በግራም ውኃ ከሆነ ዙሪያው ፈረሰ፤ ከዜሮ ይጀመራል። ደግሞ ለነገ ስንቅ አይያዝም። ዛሬ የሰጡህን ዛሬ ትበላለህ፤ ነገ የእናትየዋ ጉዳይ ነው። ይኼ የመጨረሻው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ቀን ብትሞክሩት ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

በሉ እንመለስ።

ዳንራጅ ከራጃው ግቢ እንደወጡ ሳቀ። «እማማ፣ ያንቺ ጉልበት ገበያ ድረስስ ያደርስሻል?»

«ገበያ ስሄድ ሽንኩርት እሸከማለሁ» አለችው። «አሁን ባዶ እጄን ነኝ።»

ዳንራጅ እኩል መካፈል አልፈለገም። ስለዚህ ሁለት ነገር በልቡ ያዘ። የራሱን ዙሪያ ይጨርሳል፤ የቱልሳን ያፈርሳል። በጥምጣሙ እጥፋት ውስጥም ለመንገዱ የሚሆን በከረጢት የተቋጠረ የሽምብራ በሶ ደበቀ።

ጉዞው ተጀመረ። ቱልሳ ወንዙን በቀኟ ይዛ ምርኩዟን እየተከለች ሄደች። እርምጃዋ ሁሉ አንድ ነገር ይላል። ግራ እግሯ ሲረግጥ «ጉድጓዴ»። ቀኝ እግሯ ሲረግጥ «ጉድጓዴ»። ጠዋት «ጉድጓዴ»፣ ማታ «ጉድጓዴ»።

አንድ ጠዋት ተጓዦቹ ሁሉ ወንዝ ዳር ሲታጠቡ ዳንራጅ በሶውን ከጥምጣሙ አወጣና በቱልሳ የልብስ ጥቅል ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ እዚህ መሃል ለነገ ስንቅ የያዘ ሰው አለ። እስቲ የእማማን ጥቅል ፍቱት።»

ፈቱት። በሶው ወጣ። ቱልሳ በሶውን አየች፤ ዳንራጅን አየች፤ የላላውን ጥምጣሙንም አየች።

«ለነገ መያዝ ነው የተከለከለው አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ» አሏት።

«ዛሬ ገና አላለቀም። ነገም ገና አልመጣም። በሉ እጃችሁን ታጠቡ።»

በሶውን በአንዱ ተጓዥ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ከወንዙ ውኃ ጨልፋ አሸችው። ለተጓዡ ሁሉ አንድ አንድ ጭብጥ አደለች፤ ከሁሉ አስቀድማ ለዳንራጅ።

«ብላ ልጄ። ማን እንደሰጠኝ ባላውቅም ጥሩ ሽምብራ ነው።»

ዳንራጅ የራሱን ስንቅ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም እንደማንኛውም ተጓዥ በየደጁ ቆሞ መለመን ግድ ሆነበት። ለሚያዝዝ ሰው መለመን ሞት ነው። እጁን ይዘረጋል፣ ፊቱን ግን ያዞራል። ፊቱን ላዞረ ሰው ደግሞ ማን አጥግቦ ይሰጣል? እየራበው ሄደ።

ቱልሳም ወደ አንድ መንደር ገባች። ከአንድ ቤት ሴት ወጣችና ትኩስ ቂጣ ሰጠቻት። ሰጥታትም አልበቃትም፤ ጎንበስ ብላ አቧራ የጠጣ እግሯን በእጇ ነካች፤ እጇንም ወደ ግንባሯ ወሰደች።

«ተይ ልጄ፣ እግሬ እኮ ቆሻሻ ነው» አለች ቱልሳ።

«እኔ ልጆች አሉኝ፣ ቤት ጥዬ መሄድ አልችልም» አለች ሴትዮዋ። «ይኼ እግር እናቴን እየዞረልኝ ነው። እኔም በሱ ዞርኩ ማለት ነው።»

ቱልሳ አፈረች። እግሯ ይዞር የነበረው ጉድጓድ ነዋ። ቂጣውን በልታ ወጣች። ያን ቀን ግራ እግሯ «ጉድጓዴ» ሲል ቀኙ ምንም አላለም።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። አንድ ጠዋት ሁለት ውኃ የሚገናኝበት ቦታ ደረሱ። ከባድ ጉም ወርዷል። ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታይም። የትኛው ናርማዳ ነው? የትኛው ገባር ነው? ማን ያውቃል። ዳንራጅ ግን ያውቃል፤ ከጉሙ በፊት ቀድሞ ደርሶ አይቶታልና።

«እማማ፣ ይኼ ከፊትሽ ያለው ገባሩ ነው» አላት። «ጉልበት ድረስ ነው ውኃው። ተሻገሪ።»

ናርማዳ ነበረች።

ቱልሳ እግሯን አነሣች። ነገር ግን መልሳ አሳረፈችው።

«አንተ ጎበዝ ነህ፤ ቅደምልኝ። ዱካህን እከተላለሁ።»

«እኔ… እኔ እግሬን ልታጠብ። አንቺ ቅደሚ።»

«ታጠብ ልጄ። እጠብቅሃለሁ።»

ቱልሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዳንራጅ እግሩን አጠበ። አሁንም አጠበ። እሷ አትነሣም፤ እሱ አይሻገርም። ጉሙ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከፊታቸው ያለው ውኃ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ዓይን እስኪደክም ተዘረጋ። ገባሯ ከበስተግራቸው በኩል እንደ ክር ቀጥና ትታያለች።

«እግርህ ጠራልህ?» አለችው ቱልሳ። ተነሥታም ወደ ገባሯ ሄደች።

እንዲህ ሲሉ ከባሕሩ ደረሱ። በጀልባ ተሳፈሩ። ቱልሳ ባሕር አይታ አታውቅም። እጇን ነከረችና ቀመሰች፤ ጨው ነው። ወደኋላ ዞረች። ያ ሁሉ ቀን በቀኟ የነበረው ወንዝ የለም።

«ወዴት ሄደች? የት ላይ አለቀች?» ብላ ጀልባ ቀዛፊውን ጠየቀችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቀዘፍኩ» አላት። «ስትገባ አያታለሁ። ስታልቅ ግን አላየሁም።»

ቱልሳ ይህን በልቧ አስቀምጣ በማዶኛው ዳርቻ ሽቅብ ወጣች። ብርድ አገኛት፣ ሐሩር አገኛት። እግሯ ተሰነጠቀ፣ ደረቀ፣ ጠነከረ። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ «ናርማዴ ሃር» ይላታል፤ የወንዟ ተጓዦች ሰላምታ ነው። እሷም «ናርማዴ ሃር» ትላለች። ሌላ ወሬ የለም። ጠዋት ተነሥታ ትሄዳለች፣ የሰጧትን ትበላለች፣ ሲመሽ የደረሰችበት ትተኛለች። ወንዙ በቀኟ ይናገራል። በመጀመሪያ ድምፁ ብቻ ይሰማት ነበር። በኋላ ድምፁ የሚቋረጥበት ቦታ ጨነቃት፤ ጥላት የሄደች መሰላት። ከዚያም በኋላ ባይሰማትም መኖሯን አወቀች።

ከምንጩ ደረሰች። ናርማዳ እዚያ ትንሽ ናት። ኩሬ ናት። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሕፃን ልጅ ዘሎ ይሻገራታል። ያ ሁሉ ስፋት፣ ያ ሁሉ ጉልበት፣ መነሻው እፍኝ ውኃ ነው። ቱልሳ ተንበረከከች። እግሯንም አዳመጠች። እግሯ «ጉድጓዴ» ማለት ትቶ ነበር። መቼ እንደተወ አታውቅም።

ምንጩን ዞራ ወደ አገሯ ቁልቁል ወረደች።

እንግዲህ ስሙ። ከመንደራቸው ትንሽ ከፍ ብሎ በወንዙ መሃል የአሸዋ ደሴት አለ። ውኃ በሚያንስበት ወር ገበሬዎች ሐብሐብ ይተክሉበታል። ዳንራጅ ቀድሞ ደረሰ። ርቦታል። ሐብሐቡ ደግሞ ትልልቅ ነው። በደሴቱና በዳርቻው መካከል ያለው ውኃ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም። ዳንራጅ ግራ ቀኙን አየ። ሰው የለም። እንዳልኳችሁ የሰው ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ገባ። ተቀመጠ። አንዱን ሐብሐብ ሰንጥቆ በላ። ሁለተኛውን በላ። ሦስተኛውን ሲሰነጥቅ ደራሽ ጎርፍ መጣ።

ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ተራራ ላይ ነው። ውኃው ግን እዚህ ደረሰ። ቁርጭምጭሚት ያልሸፈነው ደረት ሆነ። አሸዋው ከዳር ዳር ይናድ ጀመር። በሬ የሚያነሣው ሰው ዋና አይችልም ነበር።

ቱልሳ ምርኩዟን እየተከለች መጣች። አየችው።

«ጥምጣምህን ፍታ!» አለችው። «ጫፉ ላይ የሐብሐብ ቁራጭ ቋጥረህ ወርውርልኝ።»

ወረወረው። ቱልሳ ጫፉን ይዛ ዳርቻው ላይ ካለ ዛፍ ጋር አሰረችው።

«አሁን ጨርቁን ይዘህ ና።»

«አልችልም።»

«ያዝና ና።»

«እማማ፣ አልችልም።»

«ያዝና ና እንጂ ልጄ።»

ዳንራጅ ጨርቁን ጨብጦ ቁጢጥ አለ። አሸዋው ከበታቹ እየተሸረሸረ ነው።

ቱልሳ ቀና ስትል የጎጆዋን ክዳን ከሩቅ አየች። ትንሽ ብትራመድ ዙሪያው ይሞላል። ጉድጓዱ የእሷ ይሆናል፤ ወደ ደሴቱ ከተሻገረች ግን ሁሉም ይፈርሳል። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ እግር። ወደ ውኃው ዞረች።

«እናቴ፣ አየሽ አይደል» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጨርቁን ይዛ ገባች። ውኃው ወገቧ ደረሰ፤ ደረቷ ደረሰ። ደሴቱ ላይ ወጣች። በቀኟም ውኃ፣ በግራዋም ውኃ። የዳንራጅን እጅ ያዘች፤ እንደ ሕፃን እየመራች አወጣችው።

ዳርቻ ላይ ተንፈስ አሉ። ዳንራጅ ልብሱን ጨመቀ። ጥምጣሙን ጠመጠመ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ዞር አለና፦

«እማማ» አላት፣ «ተሻግረሻል እኮ።»

«ተሻግሬያለሁ» አለችው።

ራጃው ፊት ቀረቡ።

«ዳንራጅ፣ ዙሪያህ እንዴት ነው?»

«ሙሉ ነው ንጉሥ ሆይ። ጠጠር አልጎደለበትም።»

«አንቺስ ቱልሳ?»

«የእኔ ፈርሷል። ሐብሐብ ከሚተከልበት አሸዋ ላይ ወጥቻለሁ። ጉድጓዱን ለእሱ ይስጡት።»

ራጃው አገጩን ይዞ አሰበ። «ቆይ፣ አትቸኩይ። አሮጊት ነሽ፣ ዓይንሽም ደክሟል። ምናልባት ዳር ዳሩን ስትሄጂ እግርሽ ረጥቦ ይሆናል። ዳር ላይ መርጠብ ደግሞ ዙሪያ አያፈርስም። እንግዲያው ያንቺም ሙሉ ነው ማለት ነው። ጉድጓዱን እኩል ትካፈላላችሁ።»

ዳንራጅ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ግማሽ ጉድጓድ? ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ?

«ዳር ላይ አልነበረችም!» ብሎ ጮኸ። «መሃል አሸዋው ላይ ነው የቆመችው። በቀኝም ውኃ፣ በግራም ውኃ ነበር። ሐሰት እንዳይመስልዎ፣ እኔው አጠገቧ ነበርኩ።»

ራጃው ከወንበሩ ቀና አለ።

«አጠገቧ» አለ ራጃው ቀስ ብሎ። «አንተስ ታዲያ በየት በኩል ነበር ውኃህ?»

ዳንራጅ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ራጃው ወደ ቱልሳ ዞረ። «ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቁኝ ስለ ራሴ እግር ነው» አለች።

ያን ጊዜ ራጃው ፈረደ። «የሁለታችሁም ዙሪያ ፈርሷል። አንዷ የራሷን ጉድለት በራሷ አፍ ተናገረች። አንዱ ደበቀ። በራሱ ላይ እውነት የሚናገር ሰው ስለ ባሉ ጉድጓድ አይዋሽም። አጥሩ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ጉድጓዱ የቱልሳ ነው።»

ሕዝቡ እልል አለ። ቱልሳ ግን ምርኩዟን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አላት ራጃው። «ጉድጓድሽ እኮ በዚህ በኩል ነው።»

«ዙሪያዬ ፈርሷል አይደል ንጉሥ ሆይ? ከመጀመሪያው ልጀምር። ጉድጓዱ የትም አይሄድም።»

«ሽንኩርትሽንስ ማን ያጠጣል?»

ቱልሳና ራጃው ሁለቱም ወደ ዳንራጅ አዩ።

እንዲህ ሆነ፦ እሷ ዞራ እስክትመለስ ድረስ ዳንራጅ ከዚያ ጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ሽንኩርቷን እንዲያጠጣ፣ ለጠማው መንገደኛ ሁሉም በእጁ እንዲሰጥ ተፈረደበት። ጉልበት እንደሆነ አለው። ጠዋት ይቀዳል፣ ቀትር ላይ ይቀዳል፣ ማታ ይቀዳል። መንገደኛ ባየ ቁጥር «አሮጊቷን አግኝታችኋታል? ደርሳለች?» ይላል።

ቱልሳ ግን አልቸኮለችም። በዚህኛው ዙር ቀስ ብላ ነው የሄደችው።

ለዚህ ነው አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚሉት። ስንቅ ሲነሡ ይከብዳል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያጎድሉለት አንድ ቀን ከረጢቱ ባዶ ይሆናል። ውሸትም እንደዚያው ነው፤ ያደረ ዕለት ይቀላል፣ አደባባይ ሲወጣ ባዶነቱ ይታያል። እውነት ግን ቱልሳን በየመንደሩ እንዳበላት ሰው ነው፤ ሳትሸከሙት መንገድ ላይ ያገኛችኋል።

እናንተም አንድ ቀን ሞክሩት። ህንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የምታከብሩት ደብር፣ መስጊድ፣ ጠበል፣ ወይም ከሰፈራችሁ በታች የሚወርደው ወንዝ ይበቃል። በጠዋት ተነሡ። ስንቅ አትያዙ። የምታከብሩትን በቀኛችሁ አድርጉና እግራችሁ ምን ምን እንደሚል እየሰማችሁ ሂዱ፤ የሚለው ነገር እስኪለወጥ ድረስ አትመለሱ። እኔ ተርቼ ጨረስኩ፤ እናንተ ተረቴን በእግራችሁ መልሱልኝ።